ለሽርጥ ጠርዝ ስንት ጨርቅ ይበቃል?

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ላለ አንድ ዓሣ ቤት 8 ሽርጥ ልሰፋ ተቀበልኩ። የብብታቸው ጠርዝ በሰያፍ ጥብጣብ ይያዛል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥብጣብ ኩርባው ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል። በሰያፍ የተቆረጠው ግን ስለሚለጠጥ ልጥፍ ብሎ ይተኛል።

ጨርቁን በግምት ገዛሁ። ሰባተኛው ላይ አለቀ። ቅዳሜ ገበያ ስመለስ ያ ሰማያዊ የለም! ሌላ ሰማያዊ ሞልቷል፤ ጎን ለጎን ሲሆን ግን ያስታውቃል። የሰፋሁትን ሁሉ ፈታሁ፤ እንዴት እንደተቃጠልኩ አትጠይቁኝ።

በሁለተኛው ዙር ስልኬ ላይ ካልኩሌተር ከፈትኩ። ለአንዱ ሽርጥ 75 ሳንቲም ሜትር ጥብጣብ፣ ለ8ቱ 600። ጥብጣቡ ሲቆረጥ ስፋቱ 4 ሳንቲም ነው፤ ተጣጥፎ ሲሰፋ 1 ሳንቲም ይሆናል። 600 በ4 ሲባዛ 2,400። የዚህ ስኩዌር ሩት 49 ገደማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎኑ 49 ሳንቲም የሆነ ጨርቅ ይበቃል ማለት ነው፣ በወረቀት ላይ። መቀጣጠያውና የማዕዘኑ ቅሪት ስለሚበላ እኔ 55 በ55 ቆረጥኩ።

ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሳሙና አሰመርኩ። ከዚያ መስመሩን ተከትዬ በየ4 ሳንቲሙ ቆርጬ ጫፍ ለጫፍ ቀጠልኩ። ስምንቱም ተጠናቀው ሁለት ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ተረፈኝ።