የጣሪያ ፋን ሲወዛወዝ፣ ሲያንጎራጉር፣ አልዞር ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ወይም መተማ ለሚኖር ሰው የጣሪያ ፋን የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ሌሊቱን የሚያስተኛው እሱ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 48 ኢንች (120 ሳንቲ ሜትር) ፋን ከነክንፎቹ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ በመጨረሻው ፍጥነት በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይዞራል። ይህን ያህል ብረት ከተኛ ልጅ በላይ ሲሽከረከር የሚያድር ከሆነ አሰቃቀሉን ለግምት መተው አይገባም። ፋን ሲያስቸግር ብዙ ሰው ሞተሩን ይወቅሳል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ በላይ፣ ፋኑ ከተንጠለጠለበት ቦታና ከሽቦው ግንኙነት ላይ ነው።

መሰላል ላይ ከመውጣትዎ በፊት

የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (መመለሻውን) እንዲቆርጥ ተደርጎ የተገጠመባቸው ቤቶች አሉ፤ እዚያ ፋኑ ቢቆምም ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ስለዚህ ቴስተርዎን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክረው መብራቱን ይዩ፤ ከዚያ ብሬከሩን ያውርዱ፤ ከዚያ የፋኑን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይንኩ። በሚሠራ ሶኬት ላይ ያልተሞከረ ቴስተር አልበራም ማለት ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይደለም። የሽቦ ቀለምንም አይመኑ። ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ደግሞ የመሬት ሽቦ መሆን አለበት፤ የድሮ ቤት ግን ሠራተኛው በእጁ በነበረው ሽቦ የተዘረጋ ሊሆን ይችላል።

መብራት ስለሄደ ብቻ ሥራ አይጀምሩ። እጅዎ ሽቦው ላይ እያለ ይመጣል። ብሬከሩን አውርደው ለቤተሰቡ ማንም እንዳያነሳው ይንገሩ፤ ቢቻል ናስትሮ ይለጥፉበት። ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ኤሌክትሪክ የሚያከማች ትንሽ ዕቃ) ኤሌክትሪክ ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ከመንካትዎ በፊት ሁለቱን ጫፎቹን እጀታው በተሸፈነ ካቻቢቴ አገናኝተው ያራግፉት።

ፋኑ ይወዛወዛል

መሰላል ሳያወጡ መጀመሪያ ከታች ሆነው ይመልከቱ። በመካከለኛ ፍጥነት እየዞረ ዓይንዎን ከክንፎቹ ላይ አንስተው ወደ ላይ፣ ዘንጉ ከጣሪያው ጋር ወደሚገናኝበት ይላኩ። እዚያ ያለው መንጠቆ ወይም ብሎን አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም በዙሪያው ኖራው የተሰነጠቀና ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ፣ ፋኑን አጥፍተው ከሥሩ ያለውን አልጋ ያንሱ። ማሰሪያው እስኪስተካከል መልሰው አያብሩት። መንጠቆው ጸጥ ብሎ የክንፎቹ ጫፍ ብቻ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ የሚዛን ነው፤ እሱ ቀላል ነው።

የማሰሪያ መላላት መንስኤው እንደ ቤቱ አሠራር ይለያያል።

ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት የሚታየው ስህተት ፋኑን ከኮርኒሱ ላይ መስቀል ነው። ቺፑድ፣ ኮምፔንሳቶም ሆነ ጂፕሰም የራሱን ክብደት እንጂ የሚሽከረከር ነገር የሚሸከም አይደለም። ኮርኒሱ የተመታባቸው ቀጫጭን እንጨቶችም አይታመኑም፤ በሚስማር ብቻ የተያዙ ናቸው፣ ንዝረት ደግሞ ሚስማርን ቀስ እያለ ይነቅላል። መፍትሔው ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ከወራጅ እስከ ወራጅ አዲስ ተሸካሚ እንጨት ማስተኛት ነው። 5 በ7 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ የደረቀና ያልተሰነጠቀ ሞራሌ ይምረጡና ሰፊው ጎኑ እንዲቆም አድርገው በየጫፉ በሁለት ብሎን ይሠሩት። መንጠቆው እንጨቱን ከላይ እስከ ታች በስቶ ያልፋል፤ ከላይ ሰፊ ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ይገባበታል፣ ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያውን እንዲቆልፈው። ከሥር ወደ እንጨቱ ብቻ የሚጠመዘዝ መንጠቆ አይጠቀሙ፤ እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ጥርሱ ይላላል።

ኮንክሪት ሶሌታ ባለው ቤት ምርጡ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር የታሰረ መንጠቆ ነው። ቤት እያሠሩ ያሉ ሰዎች ይህን አሁኑኑ ለግንበኛው ቢነግሩት፣ የአንዲት አጭር ፌሮ ወጪ ነው። ከተሞላ በኋላ ከሆነ አንከር ቦልት (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ እየሰፋ የሚነክስ የብረት ብሎን) ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ፊሸር ለግድግዳ ሰዓትና ለመጋረጃ ዘንግ ይሆናል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ለሚስብና ለሚንቀጠቀጥ ጭነት አይሆንም። ቀዳዳውን ብሎኑ በሚጠይቀው ልክ በስተው ዱቄቱን በደንብ ይንፉ። ዱቄት የቀረበት ቀዳዳ ውስጥ ብሎኑ የያዘ ይመስላል እንጂ አይነክስም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ልዩ ጥንቃቄ አለ። በርካታ ሕንፃዎች ሶሌታቸው የተሠራው በየተወሰነ ርቀት በተዘረጉ ቢሞችና በመካከላቸው በተደረደረ ባዶ ብሎኬት ነው። ከሥር በኖራ ስለተለሰነ ሁሉም አንድ ይመስላል። በድሪል ሲበሱ ጫፉ ከ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በኋላ ድንገት ጥልቅ ብሎ ከገባ ባዶ ብሎኬት ነው የመቱት፤ እዚያ ምንም ዓይነት ብሎን አይሥሩ። ቀዳዳውን ይድፈኑና ወደ ጎን ሄደው ቢሙን ይፈልጉ። ቢሙ ክፍሉ መሃል ላይ ካልዋለ ሁለት ቢሞችን የሚያገናኝ ወፍራም ላሜራ በአራት ብሎን አስረው ፋኑን ከሱ ላይ ይስቀሉ። ቢም ውስጥ ሲበሱ ብረት ካጋጠመዎት አይቁረጡት፤ ቦታ ይቀይሩ።

መንጠቆውን ካሰሩ በኋላ ፋኑን ከመስቀልዎ በፊት ይፈትኑት። አንድ ማዳበሪያ ውስጥ 25 ኪሎ ያህል አሸዋ ይሙሉና በገመድ ያንጠልጥሉት፤ መንጠቆው ጣሪያውን የሚነካበትን ቦታ በእርሳስ ያስምሩ። ያሳድሩት። ጠዋት ምልክቱ ከመንጠቆው ርቆ፣ ፀጉር የምታህል ክፍተት እንኳ ታይታ ከሆነ እንደገና ይሥሩት። ይህን ፈተና መዝለል የሚያተርፈው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ኤሌክትሪኩን ቆርጠው ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ጣሪያው ያለውን ርቀት በሜትሮ ይለኩ። ሜትሮውን ካለበት ሳያንቀሳቅሱ ፋኑን በእጅዎ እያዞሩ ሌሎቹንም እዚያው ቦታ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አንዱ ክንፍ ታጥፏል ወይም ብሎኑ ላልቷል። ብሎኖቹን ሁሉ ያጥብቁ፤ የታጠፈውን በጉልበት ሳይሆን በእርጋታ ይመልሱ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከተወዛወዘ አንዲት ትንሽ ሮንዴላ በናስትሮ ከአንዱ ክንፍ ጀርባ መሃል ላይ ይለጥፉና ያብሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይለውጡ። መወዛወዙ የቀነሰበትን ክንፍ ሲያገኙ ሮንዴላዋን ወደ ጫፍ ወይም ወደ ሥር እያስጠጉ ይጨርሱታል። ክንፎች ከፋብሪካ ተመዝነው በአንድ ካርቶን ስለሚመጡ የሁለት ፋን ክንፍ ማደባለቅ አይቻልም። ሻጩ "ያው ነው" ቢልዎ እንኳ አይቀበሉ።

ያንጎራጉራል እንጂ አይዞርም

አጥፍተው በእጅ ያዙሩት። ከከበደ ወይም ከፈጨ ኩሽኔታው ነው። ቀለል ብሎ ዞሮ በራሱ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ያብሩትና በመጥረጊያ እንጨት ቀስ አድርገው አንዱን ክንፍ ይግፉ። በገፉበት አቅጣጫ ተነስቶ ከዞረ ካፓሲተሩ ሞቷል ወይም ሽቦው ተላቋል ማለት ነው። እያንጎራጎረ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይተዉት፤ የቆመ ሞተር ውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅልል ያቃጥላል።

አዲሱ ካፓሲተር በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ልክ መሆን አለበት። ለ48 ኢንች ፋን ብዙውን ጊዜ 2.5 ማይክሮፋራድ ነው፤ ቮልቱ ደግሞ 400 ወይም 440። "ትልቁ ይበልጣል" ብለው 3.15 ቢያስገቡ ፋኑ ፈጥኖ ሊያስደስትዎ ይችላል፤ ነገር ግን የማስነሻው ጥቅልል ከሚችለው በላይ ይግላል።

ከሞተሩ የሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ቀለማቸው ጠፍቶ ግራ ካጋቡዎት መልቲሜትር መልሱን ይሰጣል። ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ ኦሙን ይለኩ። ትልቁ ቁጥር የታየባቸው ሁለቱ ሽቦዎች የካፓሲተሩ ናቸው፤ የቀረው ሦስተኛው የጋራው ነው፣ ኒውትራል ይገባበታል። ፌዙ ከካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች በዋናው ጥቅልል በኩል ባለው ላይ ይታሰራል (ጫፉን ከተሳሳቱ ፋኑ በተቃራኒ ይዞራል፤ ከታች ይመልከቱ)። ልኬቱ ትክክል ከሆነ ሁለቱ ትናንሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ትልቁን ይሰጣሉ፤ ካልሰጡ ጥቅልሉ ተበላሽቷል፣ ካፓሲተር ቢቀይሩ ዋጋ የለውም።

ይዞራል፣ ግን ነፋስ የለም

ከሥር ቆመው ሲመለከቱ ዙረቱን ያስተውሉ። ክንፉ መጀመሪያ አየሩን የሚቆርጠው ከፍ ባለው ጠርዙ መሆን አለበት። ዝቅ ባለው ጠርዝ ከሆነ ፋኑ አየሩን ወደ ጣሪያ እየላከ ነው፤ ፌዙ ከካፓሲተሩ በተሳሳተው ጫፍ ገብቷል። ወደ ሌላው ጫፍ ያዛውሩት።

አቅጣጫው ልክ ሆኖ ቀርፋፋ ከሆነ ሰዓቱን ያጢኑ። ምሽት ብቻ የሚደክም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚፈጥን ፋን ጤነኛ ነው፤ የሰፈሩ ኃይል ነው የሚወርደው። በሶኬት ላይ በ220 ፋንታ 180 ቮልት ካነበቡ ካፓሲተር አይግዙ። ቀን ከሌት ቀርፋፋ ከሆነ ግን ካፓሲተሩን ያስለኩ፤ 2.5 ተብሎ ከ2.2 በታች ካነበበ ደክሟል። ፋኑ ከጣሪያው 20 ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ተሰቅሎም ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የሚስበው አየር ካላገኘ ምን ያውርድ? ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉለት። ከወለል እስከ ክንፍ ግን ከ2.3 ሜትር እንዳያንስ፤ ቤቱ ዝቅ ያለ ከሆነ የግድግዳ ፋን ይሻላል።

ሲነኩት ይነዝራል፣ ወይም ብሬከር ይጥላል

የሚነዝር ፋን ዛሬውኑ ይጥፋ። የተለመደው መንስኤ ሽቦው በዘንጉ አፍ ስለታም ጠርዝ ላይ እየታሸ ልባሱ መላጡ ነው። ዘንጉን አውርደው ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ፣ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ይቀይሩ፤ ናስትሮ መጠቅለል አያዛልቅም። ቀጥሎ የመሬት ሽቦውን ከመንጠቆውና ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙ። የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ውስጥ የብረት ፋን መስቀል አደጋ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይዘርጋ።

እንደበራ ብሬከር የሚጥል ከሆነ መጀመሪያ ዘንጉ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ያለውን መሸፈኛ ኩባያ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ሽቦ በኩባያውና በጣሪያው መካከል ተቆንጥጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ግንኙነቱን በሞርሴት (ሽቦን በብሎን በሚያጣብቅ ማገናኛ) ይሥሩት፤ ሽቦውን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ልጠው፣ ባዶ መዳብ ከሞርሴቱ ውጭ እንዳይታይ። ጠምዝዞ ናስትሮ መለጠፍ በንዝረት ይላላል፣ ይግላል፣ ናስትሮውም በሙቀት ይቀልጣል። እስከ ፋኑ የሚመጣው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን።

ይጮኻል

በየዙሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ የክንፍ ብሎን ነው። የሚያፏጭና የሚፈጭ ከሆነ ኩሽኔታው ግሪስ ጨርሷል። በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ እዝ የሚል ከሆነ ሬጉሌተሩ (የግድግዳው ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነው፤ ለአምፖል ማደብዘዣ የተሠራ መቆጣጠሪያ ፋን ላይ ከተገጠመ ይህን ያደርጋል፣ ሞተሩንም ያግላል፣ ይውጣ። ሪሞት ያላቸው አዳዲስ ፋኖች ደግሞ የግድግዳ ሬጉሌተር ጨርሶ አይፈልጉም፤ በቀጥታ ከማብሪያ ጋር ይገናኛሉ።

ከላይ ኩባያው አካባቢ ጎርር የሚል ድምፅ ከመጣ መንጠቆው ላይ ያለው ጎማ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ጎማውን ሲቀይሩ ዘንጉን የሚይዘውን ብሎን አውጥተው ጥርሱ መበላቱን ይዩ፤ ከተበላ ይቀየር። ብሎኑ ጫፍ ላይ ያለችው ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይወጣ የምትይዝ ባለሁለት እግር ሽቦ) ሁልጊዜ በአዲስ ትተካ፤ ሁለቱ እግሮቿ ተከፍተው ወደኋላ መታጠፋቸውን በጣትዎ ይዳስሱ። አሮጌዋን አቅንቶ መልሶ ማስገባት አይሆንም፤ አንዴ ታጥፋ የተቃናች ሽቦ ከታጠፈችበት ላይ ትሰበራለች፣ እሷ ከወጣች ዳዶውን የሚይዘው የለም።

አጎበርና ፋን

በወባማ አካባቢ ይህ ችግር የሚታየው ማታ ነው፦ ከፋኑ ሥር በአንድ ገመድ ከጣሪያ የተንጠለጠለ አጎበር በነፋሱ ተነስቶ ከክንፉ ጋር ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ይቆማል፣ ይግላል፣ ወይም አጎበሩን ከነገመዱ ጎትቶ ክንፉን ያጣምማል። ከፋን ሥር ክብ አጎበር አይስቀሉ። አራት ማዕዘኑን ይጠቀሙ፤ ገመዶቹን ወደ አራቱ ግድግዳዎች ይወጥሩ፣ ከላይ ያለው ጨርቅ ከክንፉ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ጠርዙም ፍራሹ ሥር በደንብ ይገባ። አንድ ጊዜ አጎበር የጠቀለለ ፋን ክንፎቹ ሳይለኩ እንደገና አይብራ።