በቪክቶሪያ ዘመን ስለኖረ አካል ጉዳተኛ ልትፅፉ ካሰባችሁ
መልኩ ከሰው የተለየ ገፀ ባህሪ በቪክቶሪያ ዘመን (ንግስት ቪክቶሪያ በነገሰችበት፣ በፈረንጆቹ ከ1837 እስከ 1901) እንግሊዝ ልታኖሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ መተዳደሪያውን ወስኑ፣ ሌላው ሁሉ ከዛ ነው የሚመጣው። «የዝሆን ሰው» እየተባለ ይታወቅ የነበረውን፣ ፊቱና አካሉ ከሰው የተለየውን ጆሴፍ ሜሪክን እዩት፣ በፈረንጆቹ 1862 ሌስተር ከተማ ተወለደ (ከታች ያሉትም ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ፋብሪካ ገብቶ ሲጋር (ወፍራም የትምባሆ ጥቅል) ሲጠቀልል ቀኝ እጁ እየከበደው መጣና ተወው፣ ከዛ ቤት ለቤት እየዞረ እቃ መሸጥ ጀመረ ግን ሰው ፊቱን ሲያይ ይደነግጣል ማን ይግዛው፣ በመጨረሻ 1879 ላይ ወርክሃውስ ገባ፣ የድሆች መጠለያ ማለት ነው ግን ኑሮው ከባድ ነበር። 1884 ላይ ሰው ከፍሎ እንዲያየው ለትርኢት የቀረበው በራሱ ፍላጎት ነው፣ እባካችሁ ዝም ብሎ የሚጎተት ሰው አታድርጉት፣ አስቦበት ነው የመረጠው።

መንገድ ላይ ስታወጡት አለባበሱን በደንብ አሳዩ። ሜሪክ ረጅም ካባ ይለብስ ነበር፣ ከትልቅ ኮፍያው የሚወርድ ጨርቅ ፊቱን ይሸፍነዋል፣ ለማያ ብቻ ቀዳዳ አለው።

ሀኪሙን ዶክተር ትሬቭስን ደግሞ ብቸኛ ጀግና አታድርጉት። ሜሪክ ለንደን ሆስፒታል እስከ 1890 መኖር የቻለው ካር ጎም የሚባለው የሆስፒታሉ ኃላፊ 1886 መጨረሻ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ፅፎ ህዝቡ ገንዘብ ስላዋጣ ነው። እዛ ክፍሉ ውስጥ በደህናው ግራ እጁ የካርቶን ቤተክርስቲያን ሰርቷል፣ እንደዚህ አይነት ነገር ፃፉ፣ ስቃዩን ብቻ አትደርድሩ።