በነፃ ምት የሚሄድ የትዝታ መግቢያን በሙዝስኮር እንዴት መጻፍ ይቻላል

የትዝታ መግቢያ፣ በማሲንቆም ይሁን በክራር፣ ብዙ ጊዜ የሚቆጠር ምት የለውም። ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ያዝ፣ ሌላውን ለቀቅ እያደረገ ቅኝቱን ያሳያል። ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ግን በ4/4 ሲከፈት አራት ምት በሞላ ቁጥር ባር (በቋሚ መስመር የሚከለል የምት ክፍል) ይዘጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፍና መግቢያውን በ4/4 ቆራርጦ ይጽፈዋል። እንዲህ የተጻፈውን የሚያነብ ልጅ በእግሩ እየቆጠረ ይጫወታል፣ ዜማውም ይደርቃል።

መጀመሪያ ቅጂውን ደጋግማችሁ ስሙ። ተጫዋቹ ደጋኑን (ክራር ከሆነ እጁን) የሚያሳርፍበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለው አንድ ባር ይሆናል።

አዲስ ፋይል በ4/4 ክፈቱና የጊዜ ምልክቱን (4/4 የሚለውን) መርጣችሁ የ«ቪ»ን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሆኖ ቢታይም አይታተምም።

ከዚያ የኖታ ማስገቢያውን ወደ «ኢንሰርት» ቀይሩት። በዚህ አሠራር ኖታ በጨመራችሁ ቁጥር ባሩ ራሱ ይረዝማል። የተረፈ ዝምታ ካለ መርጣችሁ በኮንትሮልና ዲሊት አጥፉት። አጭሩን ድምፅ በሩብ ኖታ፣ የሚያዘውን በግማሽ ኖታ፣ ጌጡን በግሬስ ኖት ጻፉ። ከዚህ በላይ አትከፋፍሉት። ሲያልቅ ከባሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ስቴምለስ» የሚለውን ምረጡ፤ ዘንጎቹ ጠፍተው ጥቁርና ክፍት ራሶች ብቻ ይቀራሉ። አንባቢው አጭርና ረጅሙን ይለያል፣ ግን አይቆጥርም።

ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባር ማስገባት ያጓጓል። አታድርጉት። ሙዝስኮር አንድን ባር ለሁለት መስመር አይከፍልም፤ ስለዚህ ኖታው ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይጨናነቃል። ሐረጎቹን በየባራቸው ተዉና በመሃል ያለውን የባር መስመር በ«ቪ» ደብቁት። ባሮቹ ከቁጥር እንዳይገቡም እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ከቆጠራ የሚያስወጣውን ሳጥን ምረጡ። አለዚያ ዘፈኑ የሚጀምረው ከባር 9 ወይም 10 ይሆንና ልምምድ ላይ «ከባር 1 እንጀምር» ስትሉ ሰው ይደናገራል።

ብዙ ጽሑፎች የሚበላሹት ግን ፍላት (ድምፁን በግማሽ ቃና ዝቅ የሚያደርገው ምልክት) እና ናቹራል (ወደ ቦታው የሚመልሰው) ላይ ነው። ፍላት የሚሠራው እስከ ባሩ መጨረሻ ነው። ሶፍትዌሩ የደበቃችሁትን መስመር ያውቀዋል፣ አንባቢው ግን አያየውም። ትዝታ ሜጀርን በሲ ጽፋችሁ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ተጫዋቹ አንድ ሐረግ ላይ ኢን ዝቅ አድርጎ ማይነሩን ነካ አደረገ እንበል። ኢ ፍላት ጻፋችሁ። በሚቀጥለው ሐረግ ወደ ኢ ናቹራል ሲመለስ ሙዝስኮር ምንም ምልክት አያደርግም፤ ለእሱ አዲስ ባር ነውና። አንባቢው ግን ፍላቱ እንደቀጠለ ያስባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተደበቀ መስመር በኋላ ያለውን ኖታ ፈትሹ፤ ጥርጣሬ ካለ ናቹራሉን በእጃችሁ ጨምሩ። መግቢያው ሙሉ በሙሉ ትዝታ ማይነር ከሆነ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) የሲ ማይነርን ሦስት ፍላቶች መጀመሪያ ላይ አስቀምጡና ተገላገሉ። ቢ ቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ የቢ ፍላት ማንንም አይጎዳም።

ዶሪኮ የሚባለው ሌላ የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ያላችሁ ሥራው ይቀላችኋል። ሺፍትና «ኤም» ተጭናችሁ «ኤክስ» ብትጽፉ ምት የሌለው ክፍል ይከፍትላችኋል። ሙዝስኮር ግን ክፍያ የለውም፤ ለተማሪዎቼ የማስተምረውም እሱን ነው።

በየሐረጉ መጨረሻ የትንፋሽ ምልክት አድርጉ፣ ከስታፉ (ከአምስቱ የኖታ መስመሮች) በላይ «በነፃ ምት» ብላችሁ ጻፉ። ለአማርኛው እንደ ኒያላ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ የግዕዝ ፎንት ምረጡ። ዘፈኑ ወደ 6/8 ሲገባ ድርብ የባር መስመርና የሚታይ የጊዜ ምልክት አስገቡ፣ «ስቴምለስ»ም እዚያ ይቁም። ከዚያ በፒዲኤፍ አውጥታችሁ፣ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው ስጡትና ሲጫወት ስሙት። ምት መቁጠር ከጀመረ ሐረጎቹን እንደገና እዩአቸው።