የጀነራል ጃግጂት ሲንግ አውሮራን ታሪክ ለማንበብ ከየት ትጀምራላችሁ?

የጀነራል ታሪክ ስናነብ አብዛኞቻችን ከተወለደበት ቀን ጀምረን ሹመቱን በየዓመቱ እየቆጠርን ነው የምንወርደው፣ እኔም እንደዛ ነበር ያደረኩት፣ ሶስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለ ህንዱ ሌተናል ጀነራል፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ስለሆነው ጃግጂት ሲንግ አውሮራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ከአንድ ፎቶ ጀምሩ።

ፎቶው በህንድና በፓኪስታን ጦርነት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1971 ዳካ ውስጥ ራምና የሚባል የፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ የተነሳ ነው። ዙም አድርጋችሁ እዩት። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል፣ በእናንተ ግራ በኩል ጥምጥም ያሰረው አውሮራ ነው፣ ቀኝ ላይ አቀርቅሮ እጅ መስጠቱን የሚፈርመው በምስራቅ ፓኪስታን የነበረው የፓኪስታን ጦር አዛዥ ጀነራል ኒያዚ። ከኋላቸው መኮንኖች ተጠጋግተው ቆመዋል። ኒያዚ ከፈረመ በኋላ ሽጉጡንም አስረከበ፣ በዚህ ጦርነት ወደ 93 ሺህ ሰው ተማረከ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ "93 ሺህ ወታደር" ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፣ ቁጥሩ ውስጥ ግን ፖሊስም ሲቪልም አለበት።

አሁን ከኋላ የቆሙትን ስም ፈልጉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር እዚህ አለ። ሳጋት ሲንግ የሚባል ጀነራል አለ፣ "ሲንግ ካለ ሲክ ነው" ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ሰውየው ራጅፑት ከሚባለው የተዋጊዎች ወገን የሆነ ሂንዱ ነው። ከ1699 ጀምሮ ካልሳ ወደሚባለው የሲኮች ማህበር የሚያስገባውን ጥምቀት የወሰደ ሲክ ወንድ ሲንግ ይባላል፣ ግን ስሙን ከነሱ በፊትም ራጅፑቶች ይጠሩበት ነበር። ቀኝ ጫፍ ላይ የቆመው የአውሮራ ኤታማዦር ጄኮብ ደግሞ ካልካታ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፣ ፎቶው ላይ የሌለው የሁሉም አለቃ፣ የህንድ ምድር ጦር ኤታማዦር ማኔክሾው ደግሞ ፓርሲ (የዞራስተር እምነት ተከታይ) ነበር።

ቀጥሎ ካርታ። ያለ ካርታ የ1971ን ጦርነት ማንበብ ድካም ብቻ ነው። ያኔ ምስራቅ ፓኪስታን የነበረችው የዛሬዋ ባንግላዴሽ በሶስት በኩል በህንድ የተከበበች፣ በትላልቅ ወንዞች የተቆራረጠች አገር ናት፣ ፓድማን፣ ጃሙናንና ሜግናን በእስክሪብቶ አድምቋቸው። አውሮራ የምስራቅ ዕዝ አዛዥ ሆኖ ካልካታ ነበር የተቀመጠው፣ ጦሩ በምዕራብ፣ በሰሜንና በምስራቅ አቅጣጫ ገብቶ የተመሸጉትን ከተሞች እየዘለለ ወደ ዳካ ገሰገሰ። ዲሴምበር 9 አሹጋንጅ ላይ የሜግና ድልድይ ፈርሶ ሲያገኙት የሳጋት ሲንግ ሰዎች ወታደሩን በሄሊኮፕተር እያመላለሱ አሻገሩት፣ በ11 ደግሞ ታንጋይል ላይ ወታደር በፓራሹት ወረደ። ከዲሴምበር 3 እስከ 16፣ ይኸው ነው ጦርነቱ። እና ይሄን ስታነቡ "ማን ነው ያቀደው" የሚል ጭቅጭቅ መስማታችሁ አይቀርም፣ ጄኮብ በኋላ ዳካን ዋና ኢላማ ያደረግኩት እኔ ነኝ ብሏል። በኔ እይታ የአንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ልክ አይደለም፣ አዛዥ ቢሳሳት ተጠያቂው እሱ ከሆነ ሲሳካም ድርሻው አይካድም።

አሁን ወደ ልጅነቱ ብትመለሱ አይሰለቻችሁም፣ ቶሎም ያልቃል። በ1916 ጄህለም አጠገብ ካላ ጉጅራን ተወለደ፣ ቦታው ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ነው፣ ማለትም እጅ ያሰጠው የተወለደበትን መሬት የያዘውን አገር ጦር ነው። በ1939 ከህንድ ሚሊተሪ አካዳሚ ተመርቆ ፑንጃብ ሬጅመንት ገባ፣ በርማ ተዋጋ፣ አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ህንድ ቀረ፣ ካሽሚርም ዘመተ፣ በ1969 የምስራቅ ዕዝን ያዘ። በ1973 ጡረታ ወጣ፣ የጦር ሃይሉ ኤታማዦር ሳይሆን።

ብዙ ጽሁፍ እዚህ ይቆማል፣ እናንተ ግን እንዳትቆሙ፣ ለኔ የታሪኩ ክብደት ያለው ከጡረታ በኋላ ነው። ጁን 1984 የህንድ ጦር የሲኮች ቅዱስ ስፍራ የሆነውን፣ አምሪትሳር ያለውን ወርቃማ ቤተመቅደስ፣ ውስጡ የመሸጉ ሲክ ታጣቂዎችን ለማስወጣት ሰብሮ ገባ። ጥቃቱን የመራው ጀነራል ብራር ሲክ ነው፣ ውስጥ ሆኖ መከላከሉን ያደራጀው ሻቤግ ሲንግም ሲክ ነው፣ የቀድሞ ሜጀር ጀነራል። ሁለቱም በ1971 አውሮራ ባዘዘው ጦርነት ውስጥ ነበሩ፣ ሻቤግ እንደውም የባንግላዴሽ ታጋዮችን ያሰለጠነ ሰው ነው። ሻቤግ እዛው ሞተ። አውሮራ ዘመቻውን በአደባባይ ተቸ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቿ ስትገደል ዴልሂ ውስጥ ሲኮች ተጨፈጨፉ፣ እሱ ለተጎጂዎቹ እርዳታና መልሶ ማቋቋም ሲሯሯጥ ነበር፣ ከዛም ከ1986 እስከ 1992 በሲኮች ፓርቲ በአካሊ ዳል ስም የህንድ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። ይሄን ክፍል ስታነቡ የ1971ንና የ1984ን ስሞች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ፣ ማን ከማን ጋር እንደነበር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሜይ 3 ቀን 2005 ዴልሂ ውስጥ አረፈ።

አንድ ሁለት ትንንሽ ነገር፦ ስሙ አንዳንዴ አውሮራ አንዳንዴ አሮራ ተብሎ ስለሚጻፍ ስትፈልጉ ሁለቱንም ሞክሩ። ዓመቶቹ ደግሞ እዚህ የጻፍኳቸው ሁሉ በፈረንጆች ናቸው፣ ወደኛ ልቀይር ብላችሁ አትልፉ፣ ቀኖቹ ይምታቱባችኋል።