«ክራኒያል ነርቭ ኢንታክት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

በየዎርዱ ካርድ ላይ ደጋግሞ የሚነበብ አንድ መስመር አለ፦ «ክራኒያል ነርቭ ከ1 እስከ 12 ኢንታክት»፤ ከአንጎል የሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች ደህና ናቸው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከ12ቱ በእርግጥ የታዩት ጥቂቶቹ ናቸው። ይህ መስመር ያሳስበኛል፤ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ያምነዋልና። ትናንት ይሠራ የነበረ ነርቭ ዛሬ ከደከመ አዲስ ነገር መጥቷል ማለት ነው። ትናንት ማንም ካላየው ግን ይህን በምን እናውቃለን? ያላያችሁትን «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። ነውር የለውም።

ማሽተትን በአልኮል መሞከር

የመጀመሪያው፣ የማሽተት ነርቭ ሁልጊዜ ይዘለላል። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም ጠባዩ ቀስ በቀስ የተለወጠ ሰው ላይ ግን መዘለል የለበትም። የሚሞክሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቅርባቸው ያለውን የአልኮል ጥጥ ነው የሚያነሱት። አልኮል አፍንጫን ያቃጥላል፤ ያን ቃጠሎ ደግሞ የሚያደርሰው የፊትን ስሜት የሚያደርሰው አምስተኛው ነርቭ ነው። ስለዚህ ምንም የማያሸት ሰው እንኳ «አዎ፣ ይሸተኛል» ሊል ይችላል። የተፈጨ ቡና ወይም ጤና አዳም ይበቃል። ዓይን ይጨፈን፣ አንዱ አፍንጫ ይያዝ፣ ሌላው ይሞከር። ጉንፋን ካለ ውጤቱን አትመኑት።

ባትሪውን ፊት ለፊት ማብራት

የሞባይል ባትሪ ከፊት ሲበራ ታካሚው አተኩሮ ያየዋል። ቅርብ ነገር ሲታይ ደግሞ ብሌን በራሱ ይጠባል። ታዲያ የጠበበው ለብርሃኑ ነው ወይስ ለቅርበቱ? መለየት አይቻልም። ክፍሉን አደብዝዙ፣ ታካሚው ሩቅ ያለ ግድግዳ እንዲያይ አድርጉ፣ ብርሃኑን ከጎን አምጡ። የበራበትን ዓይን ብቻ ሳይሆን ሌላኛውንም ተመልከቱ፤ ሁለቱም እኩል መጥበብ አለባቸው። ከዚያ ብርሃኑን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላልሱ። ብርሃን ሲመጣበት ከመጥበብ ይልቅ የሚሰፋ ብሌን ካያችሁ፣ የዚያን ዓይን ኦፕቲክ ነርቭ (የማየት ነርቭ) ጠርጥሩ።

የዓይን ቆብ የወደቀበት ሰው ሲገጥማችሁ ቆቡን በጣታችሁ አንሱና ብሌኑን እዩ። ይህን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። ከወደቀው ቆብ ሥር የሰፋ፣ ለብርሃን የማይመልስ ብሌን ካለ ቆብን የሚያነሳውና ብሌንን የሚያጠበው ሦስተኛው ነርቭ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። የሚጫነውም ያበጠ የአንጎል ደም ሥር ወይም ከቦታው የተገፋ አንጎል ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ዓይን ሲንቀሳቀስ ጭንቅላት አብሮ መዞሩ

ጣታችሁን ስታንቀሳቅሱ ጭንቅላቱ አብሮ ከዞረ የዓይኑን ጡንቻ አልፈተናችሁም። አገጩን በቀስታ ያዙ። «ሁለት ሆኖ ይታይዎታል?» ብላችሁም ጠይቁ፤ ትንሽ ድካም ከእናንተ ዓይን ቀድሞ ለታካሚው ይታወቃል። መጨረሻ ዳር ላይ ዓይን ለቅጽበት ቢንቀጠቀጥ በጤነኛም ሰው ያጋጥማል።

አንድ ዓይን ወደ ውጭ አልዞር ካለ ስድስተኛውን ነርቭ ጠርጥሩ። ግን ጉዳቱ የግድ ነርቩ ያለበት ቦታ ላይ ነው አትበሉ። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ይህ ነርቭ በቀላሉ ይጎዳል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት፣ ራሱን ቀናት ሙሉ ያመመው ሰው እንዲህ ሆኖ ከመጣ የቲቢንና የክሪፕቶኮከስን (የፈንገስ ዓይነት ነው) ማጅራት ገትር አስቡ።

«ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅ

ብዙ ታካሚዎቻችን ለሐኪም አክብሮት አላቸው፤ ለጠየቅናቸው ሁሉ «አዎ» ይላሉ። ስለዚህ መልሱን አታቀብሉ። «እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ስነካዎት ብቻ አሁን ይበሉኝ» በሏቸው። አንዳንዴ ሳትነኩ ቆዩ። ግንባርን፣ ጉንጭንና አገጭን ግራ ቀኝ አወዳድሩ። የመንጋጋ ጥግ ላይ ያለው ቆዳ የአንገት ነርቮች ድርሻ ስለሆነ በእሱ ስለ አምስተኛው ነርቭ አትፍረዱ። ኮርኒያን (ግልጹን የዓይን የፊት ሽፋን) በጥጥ ስትነኩም ነጩን ክፍል መንካት ዋጋ የለውም።

የጠመመ አፍ አይቶ ግንባርን መርሳት

ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፊቱ ጠምሞ የመጣ ሰው «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ ይመለሳል፣ ወይም ሳይመረመር ስትሮክ ይባላል። «ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» በሉት። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ይቀበላል። ስለዚህ አፉ ጠምሞ ግንባሩ በደንብ ከተሸበሸበ ችግሩ ከነርቩ በላይ፣ አንጎል ውስጥ ነው። ግንባሩም ካልተሸበሸበ፣ ዓይኑም ካልተከደነ ሰባተኛው፣ የፊት ነርቩ ራሱ መጎዳቱ አይቀርም። ያም ሆኖ እጅና እግሩን ሳታዩ አታሰናብቱት፤ የአንጎል ግንድ ስትሮክም እንዲህ ሊመስል ይችላል። ጆሮው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካለም ፈልጉ። የቤልስ ፓልሲ (የፊት ነርቭ በድንገት የሚደክምበት ሕመም) ከሆነ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይሻላል፤ የማይከደነው ዓይንም እንዳይደርቅ ጠብታና የሌሊት መሸፈኛ ያስፈልገዋል።

ጆሮን፣ አንገትንና ምላስን ቶሎ ልለፋቸው። ለመስማት 512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ (ሲመቱት የሚነዝር ሹካ መሰል ብረት) ተጠቀሙ፤ 128ቱ ለእግር ንዝረት ነው። ቀድማችሁ ኩክ አለመኖሩን እዩ። ራስን ወደ ግራ የሚያዞረው የቀኝ የአንገት ጡንቻ ነው፤ ይህን ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው። ምላስ ሲወጣ ወደ ደከመው ጎን ያዘነብላል። መርገብገቡን ግን አፍ ውስጥ እንደተኛ እዩ፤ የወጣ ምላስ በጤነኛም ላይ ይንቀጠቀጣል።

እንጥል ብቻ አይቶ መፍረድ

በአገራችን እንጥላቸው በልጅነት በባህላዊ መንገድ የተቆረጠባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። እንጥል ስታጡ አትደናገጡ፤ ታካሚው «አ» ሲል የላንቃው ግራና ቀኝ እኩል መነሳቱን እዩ። እንጥል ካለ ወደ ጤነኛው ጎን ነው የሚሳበው፤ ከምላስ ጋር አታምታቱት።

ጉሮሮውን ነክታችሁ ስላቅለሸለሸው ብቻ መዋጥ ይችላል አትበሉ። ጤነኛ ሆነው የማያቅለሸልሻቸው አሉ፤ እያቅለሸለሻቸው ምግብ ወደ ሳንባቸው የሚገባባቸውም አሉ። በስትሮክ የገባ ሰው ከሆነ ቤተሰብ አጥሚት ይዞ ከመድረሱ በፊት፣ ነቅቶ ከሆነ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና ውሃ በማንኪያ ስጡት። ካሳለ ወይም ድምፁ ከተንገረገረ በአፉ ምንም እንዳይሰጠው ለነርሷም ለአስታማሚውም ንገሩ።