ክረምት ላይ ጎንደር ለምትመጡ፦ ቅዳሜና እሑዳችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ መጣ። ዓርብ ገባ፣ ሰኞ ጠዋት ሊመለስ። ነጭ ስኒከር አድርጓል። ጃንጥላ የለውም። «ጎንደር ትሞቃለች አይደል?» አለኝ፣ ገና አዘዞ ከአውሮፕላን እንደወረደ። ሰማዩን አየሁና ዝም አልኩ።

በሦስት ቀን ውስጥ ከዚህ በታች የምነግራችሁን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠራ። እኔም አብሬው ሠራሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ከተማ ስለሆነ ማንን እጠይቃለሁ ብዬ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ልበል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «ክረምት ላይ እንመጣለን» ሲሉ ታኅሣሥና ጥርን የሚያስቡ አሉ። ያ የእነሱ ብርድ ነው። የእኛ ታኅሣሥ በጋ ነው። ጥር ደግሞ ጥምቀት ነው፤ ያኔ ጎንደር ለሚመጣ ሰው የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን አልጋ ነው። እኔ የማወራው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሚዘልቀው ክረምት፣ በተለይም ስለ ሐምሌና ነሐሴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋትን በእንቅልፍ ማሳለፍ

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። የጎንደር ዝናብ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ያውቃል። ሌሊት ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ይተወዋል። ፀሐይ ብቅ ትላለች። ከሰባት፣ ስምንት ሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና እንደገና ይጀምራል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የሚውልበት ጊዜ አለ። ግን ውርርድ ከሆነ በጠዋቱ ተወራረዱ።

የአክስቴ ልጅ አራት ሰዓት ላይ ተነሳ። እናቴ የጾም ፍርፍር አቀረበች። ከዚያ ቡና ተፈላ፤ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሳት ደግሞ ነውር ነው። ፋሲል ግቢ በር ላይ ስንደርስ ሰባት ተኩል ሆኗል። ትኬት ቆርጠን ገባን፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዶፉ ወረደ።

ግቢውን ለማያውቅ፦ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ነገሥታት በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። የጻድቁ ዮሐንስ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ፣ ሁሉም እዚያው 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ ናቸው። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ሩጫ ማየት አይቻልም። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ስጡት።

ክረምት ላይ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የትኛው ግንብ ጣሪያ እንዳለው ቀድማችሁ እወቁ። ባለ አራት ማማው የፋሲል ግንብ ያስጠልላል። የኢያሱ ግን አናቱ ፈርሷል። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል፤ እኛ የገባንበት ቀን ያጌጠው በኩሬ ነበር። የዳዊት አዳራሽም ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ክፍት ክፍቱን አስቀድሙ፣ የፋሲልን ለመጨረሻ አቆዩት። ዝናቡ ከመጣ መስኮቱ አጠገብ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። የረጠበው ድንጋይ ጠቆር ይላል፣ ሣሩ አረንጓዴ ይሆናል። ፎቶ ለሚወድ ሰው ከበጋው አቧራ ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ለአዲስ አበባ አስፋልት የሚሆን ጫማ

ስለ ነጩ ስኒከር ብዙ አልልም። ቅዳሜ ማታ ቡኒ ሆኖ ነበር። ችግሩ ግን ጭቃው ብቻ አይደለም። የግንቦቹ ደረጃና የአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ድንጋይ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ስለምታወልቁት ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ ትርፍ ካልሲም ያዙ። እርጥብ ካልሲ አድርጎ በቀዝቃዛ ወለል ላይ የቆመ ሰው ሥዕል አያይም፣ እግሩን ነው የሚያስበው።

ፋሲል መዋኛ ውኃ አለው ብሎ መሄድ

«ይኼ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ እንዴት ባዶ ይሆናል?» ይላሉ እንግዶች። ጥያቄው ልክ ነው። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ። ክረምት ላይ ካሰባችሁት የቴሌቪዥን ምስል ጋር አይገጥምም። ለዛፎቹ ሂዱ። ሥሮቻቸው የአጥሩን ድንጋይ አቅፈው ይዘውታል፤ በእርጥበት ጊዜ ደግሞ ወዝ አላቸው። የፋሲል ግቢን ትኬት አትጣሉ፤ ለዚያም ያገለግላል። የአክስቴ ልጅ ጥሎት ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያለ ሰዓቱ መሄድ

ዓርብ ከሰዓት እንደገባ ወዲያው ሥላሴ ወሰድኩት። ቅዳሴ ላይ ደረስን። እንዴት ረሳሁት! የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በእነዚያ ቀናት፣ ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ይቀደሳል። ለማስቀደስ የመጣ ሰው ሌላ ነገር ነው። ካሜራ አንጠልጥሎ ጣሪያ ሊያይ የመጣ ግን ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። እኛም ቆምን። ነጠላ የለበሱ ሕፃናት ሊቆርቡ በእናቶቻቸው እጅ ተይዘው ሲገቡ አየን። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን ካየነው ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ግንቡን ጨርሱ። ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ በፍላሽ ማንሳት ደግሞ ክልክል ነው። ሰማዩ በደመና ከተዘጋ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ክንፋም የመላእክት ፊቶች በደንብ አይለዩም። ገብታችሁ ወዲያው አትውጡ። አምስት ደቂቃ ቁሙ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ደመናው ሲከፈት ካያችሁ ደግሞ የጀመራችሁትን ቡና ትታችሁም ቢሆን ባጃጅ ያዙ።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህቺ ቤተ ክርስቲያን ተረፈች። ንብ ነው ያዳናት ይባላል። ታሪኩን እዚያው ካሉ አባቶች አፍ ስሙት። እኔ ስነግረው አያምርልኝም።

ሰሜን ተራሮችን በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ መሞከር

የተራሮቹ መግቢያ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ስታዩት ቅርብ ነው። እኔ በአንድ ሐምሌ ሞክሬዋለሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳን። ደባርቅ ተመዘገብን፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ያዝን፣ ሳንቃ በር ደረስን። ጉም። የጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ድምፅ ሰማን፣ አንዱንም አላየንም። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ያየሁት የራሴን ጫማ ብቻ ነው። ተራራውን መስከረም ከተጋመሰ በኋላ፣ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ ሂዱ፤ ያውም ሁለት ሌሊት ይዛችሁ።

ከከተማ መውጣት ካማራችሁ ወለቃ ቅርብ ናት፣ በዚያው በደባርቅ መንገድ። የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላ ሥራው ግን አለ። በጠዋት ደርሳችሁ ለምሳ ትመለሳላችሁ። የትም ስትሄዱ ታዲያ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተማ ውስጥ ካለ ሰው ጠይቁ፤ ሳይመሽም ተመለሱ። በዚህ ቀልድ የለም።

ቁስቋምን አልረሳሁም። የእቴጌ ምንትዋብ ደብር ነው፤ የእሳቸውም፣ የልጃቸውም፣ የልጅ ልጃቸውም አፅም እዚያ አለ። ዳገቱ ግን ከዘነበ በኋላ ለእግርም ለባጃጅም አይመችም። በደረቅ ጠዋት ብቻ። የባጃጅ ኮንትራት ደግሞ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ ዝናብ ሲጀምር ዋጋው አብሮ ይጀምራል።

ዝናቡ ሲመጣ ሆቴል ገብቶ ስልክ መነካካት

ከሰዓት በኋላው የባከነ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ለጎንደር ክረምት ጥሩው ሰዓት እሱ ነው እላለሁ። ፒያሳ ውረዱ። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራቸው ሕንፃዎች፣ ክብ ክብ ጥጋቸውና ሰፋፊ በረንዳቸው እስካሁን አለ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ሰው ሲሮጥ ማየት ነው እንግዲህ። በፍልሰታ ግን ማኪያቶ አትዘዙ። ማንም ምንም አይላችሁም፣ ግን እንግዳ መሆናችሁ ወዲያው ይታወቃል። በቆሎ ጥብስ ከሴቶቹ ግዙ። ከሰል ላይ ሲፈነዳ ሽታው ከሩቅ ይጠራል።

አዝማሪ ቤት ለሚያምራችሁ፣ ቀኑን ምረጡ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከል ያሉት ቅዳሜዎች የእናንተ ናቸው። ባዶ ኪስ እንዳትገቡ ግን። አዝማሪው ፊታችሁን ካየ ስለ ጫማችሁም ስለ ፀጉራችሁም ይገጥማል፣ ሳትሸልሙት ዝም ካላችሁ ደግሞ ግጥሙ እየከፋ ይሄዳል። ከቻላችሁ «ተቀበል!» በሉና የራሳችሁን ስንኝ ስጡት።

ዝርዝር ብር ሳይዙ ቡሄን መጠበቅ

ይኼ ለነሐሴ እንግዶች ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ነው። በዚያ ዓመት እሑድ ዋለ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ዋዜማው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ጅራፍ ሲጮህ የአክስቴ ልጅ ሁለቴ ደንግጦ ተነሳ። ማታ ዝናቡ ቆም ሲል ችቦ ተለኮሰ። ወዲያው የመጀመሪያዎቹ ልጆች ዱላቸውን እየመቱ በር ላይ መጡ። «ሆያ ሆዬ!»

እናቴ ሙልሙል አዘጋጅታለች። የአክስቴ ልጅ ግን «እኔም ልስጣቸው» ብሎ ኪሱን ፈተሸ። ያለው መቶ ብር ብቻ ነው፤ ያኔ ትልቁ ኖት እሱ ነበር። አፈረና ሰጠ። ልጆቹ ግጥሙን በመሃል አቁመው ተያዩ። ከዚያ እየሮጡ ወጡ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ ዘጠኝ ቡድን መጣ። ሁሉም «ጋሼ ከአዲስ አበባ» እያሉ ነው የሚዘፍኑት። እሱ ጓዳ ገብቶ ተደበቀ፤ ሙልሙሉን ስሰጥ ያመሸሁት እኔ ነኝ።