መቀሱ ከመነሣቱ በፊት፦ ድሬፒንግና ልብስ ስፌት ስትማሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ አንዲት ጠባብ የስፌት ቤት አለችኝ። ሁለት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኔኪን (ልብስ የሚለካበት የሰው ቅርጽ)። ብርዱ ሲብስ አንድ የከሰል ምድጃ ይጨመራል። አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ልጆች ሙያውን ሊማሩ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ አይተው ነው። አንዲት ሴት ጨርቅ ማኔኪን ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ሁለት ስፒል ትሰካለች፣ በቃ ቀሚስ ሆነ። እኔ ጋር ሲመጡ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አቡጀዲ ያገላብጣሉ። ይከፋቸዋል።

አልፈርድባቸውም። እኔም ስጀምር መቀስ ካልያዝኩ የሠራሁ አይመስለኝም ነበር።

ድሬፒንግ ማለት ልብሱን ወረቀት ላይ ከመንደፍ ይልቅ ጨርቁን ቀጥታ ሰውነት ወይም ማኔኪን ላይ እያለበሱ፣ እየቆነጠጡና እያጠፉ ቅርጽ ማውጣት ነው። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያው አንድ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፣ ለቅሶ ላይ ሌላ ይሆናል፣ ወገብ ላይ ሲደገደግ ደግሞ ሌላ። ጨርቁ አልተለወጠም። የተለወጠው አወዳደቁ ነው። ይህችን «አወዳደቅ» የምትባል ቃል ያዙልኝ፤ ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ እሷን ካለማየት የሚመጡ ናቸው።

ጨርቁን ሳያቀኑ መጀመር

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ድሩ በርዝመቱ ይሄዳል፣ ማጉ በወርዱ። የሸማኔ አገር ልጆች ስለሆንን ይሄን ማስረዳት ብዙ አይከብድም። የሚከብደው ከሱቅ የመጣ አቡጀዲ ድርና ማጉ ቀጥ ብለው እንዳልተቀመጡ ማሳመን ነው። ተጠቅልሎ ሲከርም፣ ሲጓጓዝ፣ ሲጎተት ይጣመማል። ዓይን አያየውም።

እንዲህ ፈትሹት። ዳርቻውን በመቀስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰንጠቅ አድርጉና ቀሪውን በእጃችሁ ቅደዱት። አቡጀዲ ማጉን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። በሁለቱም ጫፍ እንደዚያ አድርጉና ጨርቁን ለሁለት አጥፉት። ማዕዘኖቹ ገጠሙ? ካልገጠሙ ጨርቁ ተጣሟል። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ያጠሩትን ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዛችሁ በሰያፍ ሳብ ሳብ አድርጉት። ከዚያ በእንፋሎት ተኩሱት። ሲቀና በእርሳስ አንድ መስመር በድሩ፣ አንድ መስመር በማጉ አስምሩ። ማኔኪኑ ላይ ስታወጡት የድሩ መስመር መሀል ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት መውረድ አለበት። የማጉ መስመር ደግሞ ደረት ላይ ከወለሉ ጋር እኩል መሄድ አለበት።

አንዷ ተማሪዬ ይህን ዘላ ጉርድ ቀሚስ ሰፋች። ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ለብሳው ከበር እስከ ምድጃው ስትሄድ ግን የጎኑ ስፌት ዞሮ ጉልበቷ ላይ መጣ። አዙራ አስተካከለችው። ተመልሳ ስትመጣ እንደገና ዞረ። ፈትታ ሁለቴ ሰፋችው። ጥፋቱ ከስፌቱ አልነበረም።

ለሁሉም ነገር አቡጀዲ

መለማመጃ ጨርቅ ርካሽ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የመጨረሻውን ጨርቅ ጠባይ መምሰል አለበት። አቡጀዲ ደረቅ ነው፤ ለሸሚዝ፣ ለጥጥ ቀሚስ ጥሩ ነው። ለሺፎን ወይም ለሳቲን የታሰበ ቀሚስ በአቡጀዲ ስታወጡ ግን ውሸት ነው የሚነግራችሁ። አቡጀዲ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው እጥፋት ሺፎን ላይ ቅልጥ ብሎ ይወድቃል።

እኔ ምን አደርጋለሁ? ለስላሳና ለሚፈስ ጨርቅ ያረጀ ነጠላ እጠቀማለሁ። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ነጠላ አወዳደቁ ልዩ ነው። ለካፖርትና ለካባ ደግሞ አሮጌ ብርድ ልብስ። የመንዝ በግ ጸጉር ባለበት አገር ወፍራም የሱፍ ቁራጭ አይጠፋም። ወፍራም ጨርቅ ስታጥፉት ራሱ ውፍረቱ ቦታ እንደሚበላ የምታውቁት በእጃችሁ ስትይዙት ብቻ ነው።

የቡቲክ አሻንጉሊት መግዛት

ብዙ ልጆች ገንዘብ አጠራቅመው መስታወት ውስጥ የሚቆመውን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ይገዛሉ። ስፒል አይገባበትም! ጨርቁን በፕላስተር ሊለጥፉ ሲታገሉ አይቻለሁ። ደግሞ ቁመናው የማንም አይደለም፤ ወገቡ ቀጭን፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዳሌ የለውም።

ገንዘብ ከሌላችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ልክክ የሚል አሮጌ ቲሸርት ልበሱና ጓደኛችሁ ከላይ በሰፊ ፕላስተር ሁለት ሦስት ዙር ትጠቅልላችሁ። ደረትና ሆድ ላይ አታጥብቀው፣ መተንፈስ አለባችሁ። ጀርባውን ከታች ወደ ላይ በመቀስ ቀድዳ ታወጣችኋለች። ቀዳዳውን መልሳችሁ ለጥፉት፣ ውስጡን በብጥስጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቁት፣ ዘንግ ላይ አቁሙት። ከዚያ በላዩ ጠበብ ያለ ጨርቅ አልብሱት። አያምርም። ግን ስፒል ይይዛል፣ ቁመናውም የሰው ነው።

አጥብቆ መጎተት

ማኔኪን አይቀመጥም፣ አይበላም፣ ልጅ አያዝልም። ስለዚህ ጨርቁን ልጥፍ አድርጋችሁ ብትሰፉት አያማርርም። ሰው ግን ያማርራል። ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ዙሪያ ቢያንስ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀሻ ያስፈልጋል። ዳሌ ላይ 5 ያህል፤ አለዚያ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ ይተረተራል።

እዚህ ላይ አገራችንም የራሷን ትጨምራለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰው በሹራብ ላይ ሹራብ ይደርባል። በሰኔ ልኬት ሲወሰድ «ሹራብሽን አውልቂ» ብላችሁ ለክታችሁ የሰፋችሁት ጃኬት፣ ያው ሹራብ ሲደረብበት አይዘጋም። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ደግሞ ሙቀት ነው፤ አንዲት ሳሳ ያለች ልብስ ትበቃለች። ስለዚህ ደንበኛዬን ስለካ መጀመሪያ የምጠይቃት «ከሥሩ ምን ትለብሺበታለሽ?» ብዬ ነው። ለካፖርት 12 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ እተዋለሁ።

ምልክት ሳያደርጉ ማውለቅ

ማኔኪኑ ላይ አምሮ የቆመ ልብስ፣ ስፒሉ ሲነቀል የጨርቅ ክምር ነው። ከማውለቃችሁ በፊት በእርሳስ ነጥብ ነጥብ አድርጉ። የአንገቱን ዙሪያ፣ የትከሻውን፣ የብብቱን፣ የጎኑን መስመር፣ የፒንሱን (ቅርጽ ለማውጣት ተቆንጥጦ የሚሰፋውን እጥፋት) ሁለት እግርና ጫፍ። የፊቱና የጀርባው ጎን የሚገናኙበት ቦታ ላይም አጭር ሰረዝ አኑሩ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኙ። የፊቱ ጎንና የጀርባው ጎን ቁመት እኩል መሆኑን በሜትር አረጋግጡ። እኩል ካልሆነ አሁን አስተካክሉት፤ መኪና ላይ ጎትቶ ማስተካከል ማታለል ነው።

ከዚያ ከስፌቱ መስመር ውጪ የስፌት ትርፍ ጨምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼዋለሁ። ሦስት ስፌት የነበረው ሸሚዝ ነው፤ ሁለት ጎንና አንድ የጀርባ መሀል። በያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ወገን 1.5፣ በድምሩ 3 ሳንቲ ሜትር ይበላል። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የጠበበ ሸሚዝ ለማን ይሆናል? ለእህቴ ልጅ ሆነ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

በሰያፍ ቆርጦ በዚያው ቀን መዘምዘም

ጨርቅ በድሩና በማጉ መሀል፣ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ ይለጠጣል። ሰውነትን ተከትሎ ይፈሳል። በዚህ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ስሟን ያስጠራችው ፓሪሳዊቷ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ማድሌን ቪዮኔ ናት። ልብሶቿን መጀመሪያ ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነበር የምታወጣቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ትልቅ ማኔኪን የግድ አይደለማ።

ችግሩ ሰያፍ ጨርቅ በራሱ ክብደት መውረዱን የሚቀጥል መሆኑ ነው። ለአንዲት ዘመዴ ለሰርግ የሰፋሁትን ቀሚስ ማታውኑ ዘምዝሜ ሰጠኋት። በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ሳያት የቀሚሱ አንድ ወገን ሌላውን በአራት ጣት በልጦታል። እሷ ትስቃለች፣ እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አንጠልጥዬ አሳድራለሁ። ከዚያ ሰውየዋን ጫማዋን አስጫምቼ አቆማትና ከወለሉ ተነሥቼ ዙሪያዋን እለካለሁ። ዝምዝማቱ ከዚያ በኋላ ነው።

የሀገር ልብስን እንደ ሱቅ ጨርቅ መቁረጥ

ይሄኛው ከቪዲዮ አይገኝም፤ የሚያሳዩት ሌላ ጨርቅ ስለሆነ።

የሸማኔ ጨርቅ ጥለቱ ጠርዙ ላይ ነው፣ ቀጥ ያለም ነው። ሰፋ ብሎ የሚወርድ ቀሚስ ግን ጫፉ ጎበጥ ያለ ነው። ሁለቱ አይታረቁም። እኔ ይህን ሳላውቅ ከወገቡ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ ቀሚስ ቆረጥኩ። ጫፉን ሳጎብጠው ጥለቱ መሀል ላይ ሙሉ ሆኖ ጎንና ጎን ላይ እየቀጠነ ጠፋ። ጨርቁን የሠሩት ሸማኔ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ዓይተውት ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ እኔ ቀጥ አድርጌ የሠራሁትን አንቺ ምነው አጎበጥሽው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያቃጭልብኛል።

ስለዚህ የሀገር ልብስ ስታወጡ ከታች ወደ ላይ ሥሩ። ጥለቱን መጀመሪያ የሚያርፍበት ከፍታ ላይ ስኩት፣ እሱ አይነካም። የሚቆረጠው ላይኛው ወገን ነው። ስፋት ከፈለጋችሁ ጫፉን ከማጉበጥ ወገቡ ላይ ሽንሽን አድርጉት። ወርዱም ከፋብሪካ ጨርቅ የጠበበ ስለሆነ መጋጠሚያው የት እንደሚውል አስቀድማችሁ አስቡ።

ሌላም አለ። ፈትል ልቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጫፉ ይረግፋል። የስፌት ትርፉን 2 ሳንቲ ሜትር አድርጉ፣ እንደቆረጣችሁም ዚግዛግ ምቱበት። ይኮማተር እንደሆነ ለማወቅ ከጥጉ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ አርጥቡ፣ አድርቁ፣ መልሳችሁ ለኩ። 9.5 ከሆነ፣ አንድ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው።

ካውያን ለመጨረሻ ማቆየት

ልብስ የሚሰፋው በመኪናም በካውያም ነው። ስፌት በሰፋችሁ ቁጥር፣ ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው በፊት ተኩሱት። ጨርቁ ላይ ወዲያ ወዲህ አትንዱት፤ ያ ይለጥጠዋል። ማስቀመጥ፣ ማንሣት፣ ማስቀመጥ። መብራት ጠፍቶ የከሰል ካውያ ከያዛችሁ ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት ውጪ ወጥታችሁ አመዱን እፍ በሉት፣ በካውያውና በልብሱ መሀልም እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ነጭ ቀሚስ ላይ ያረፈች የከሰል ብናኝ በሳሙና አትወጣም፣ እመኑኝ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። አንገት ቆርጣችሁ እንዳይለጠጥ ወዲያው ዙሪያውን አንድ መስመር ስፉበት። ጎበጥ ያለ ስፌት ላይ ትርፉን ጫር ጫር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አለዚያ ሲገለበጥ ይኮማተራል። ሺፎን በ70 ቁጥር መርፌ፣ ጥጥ በ80 ወይም 90፣ ጂንስ በ100። የደነዘ መርፌ ጣሉ፣ አትሳሱለት። ገበሩን ከላዩ ትንሽ ላላ አድርጉት።

እና ስለ ኮት የሚጠይቁኝ አሉ። ኮሌታው እንዴት ነው የሚታጠፈው፣ ትከሻው ውስጥ ምን አለ? ገበያ ሂዱና ከሳልባጁ ክምር የተቀደደ ኮት ግዙ። ገበሩን በምላጭ ፍቱ። እጅጌውን አውጡ፣ ኮሌታውን ገልብጡ። እያንዳንዱን ቁራጭ ስትፈቱ ቁጥር ጻፉበት፣ በኋላ በዚያው ተራ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ትሰፉታላችሁ። ባለፈው አንዱ ተማሪዬ ቁጥር ሳይጽፍ ፈታው። ጠረጴዛዬ ላይ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ጨርቅ ተቀምጧል፤ ሁለቱ እጅጌ መሆናቸውን ብቻ ነው የምናውቀው።